ይርጋነሽና የብር ብናኟ

ይርጋነሽ ወልደ ኪዳን መቀመጥ አትችልም። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ ቢቸና ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ የሚለው ነው። ክፍል ገብታ ስታስተምር ከሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ሰሌዳው ናት። ተማሪዎቿ አንገታቸውን ሲያዞሩ ይውሉና አመመን እያሉ ቤታቸው ይገባሉ። ምግብ ቤት ገብታ ያዘዘችው እስኪመጣ ድረስ ወጥታ ስልክ ደውላ፣ ሱቅ ደርሳ ትመለሳለች። ከሰው ጋር ቆማ ስታወራ እንኳ አንድ እግሯ መንገድ ጀምሯል። ስም ያወጡላት ሰዎች ምን አይተው ነው ይርጋነሽ ያሏት እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች፤ ስቃ ሳትጨርስ ግን ሄዳለች።

የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተውባት እናቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ብቻቸውን አሳደጓት። ኬሚስትሪ ተማረች፣ ቢቸና መምህርት ሆና ተመደበች፣ እዚያው ቤት ተከራይታ ዓመታት ኖረች። ከዚያ ደግሞ ማስተርሴን ካልያዝኩ ብላ ተነሣች። ትምህርቱን በክረምት በክረምት እየተመላለሰች ጨረሰችው፤ የቀራት የመመረቂያው ምርምር ብቻ ነበር። ብቻ ስላልኩ ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስንቱን ጎበዝ አስጎንብሶ ያስቀረው እሱ ነው።

ምርምሯ የብር ብናኝ መሥራትና መለካት ነበር። ብር ስል የኪሱን ሳይሆን የአንገት መስቀል የሚሠራበትን ብር ነው። ከዚህ ብር በዓይን ቀርቶ በትምህርት ቤቷ ማይክሮስኮፕም የማይታይ ብናኝ ይወጣል። አንዲት የራስ ፀጉር ወርዷ በሺዎች ቢሸነሸን፣ ከሽንሽኖቹ አንዱን ብታህል ነው። የሙያው ሰዎች ናኖ ይሏታል። ብናኙ ተሐዋሲያንን ስለሚገድል ለቁስል መድኃኒትም፣ ለውሃ ማጣሪያም ይፈለጋል። ሌሎች በመርዘኛ ኬሚካል ይሠሩታል። ይርጋነሽ ግን በጌሾ ልሥራው አለች፤ ያውም እናቷ ጓሮ በበቀለው ጌሾ!

“ጌሾ ለጠላ ነው እንጂ ለምርምር ነው እንዴ?” ብለው የሳቁባት አልጠፉም። ሳቁ፤ እሷ መቼ ቆማ ሰምታቸው!

አሠራሩ ለሰሚው ቀላል ነው። የጌሾው ቅጠል በጥላ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በንጥር ውሃ ይፈላና ይጠለላል። ንጥር ውሃ የሚባለው ፈልቶ፣ እንፋሎቱ ተይዞ፣ እንደገና ውሃ የሆነው ነው፤ ጨውም አፈርም የለበትም። ከዚያ ብርን የያዘ ዱቄት፣ የብር ጨው የሚሉት፣ በዚሁ ውሃ ይሟሟና በላዩ የጌሾው ጭማቂ ጠብ ጠብ ይደረግና ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ከተሳካ ያ ንጹሕ ውሃ የሚመስለው ነገር ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶም የጠጅ መልክ ይይዛል። ብናኞቹ ተወለዱ ማለት ነው።

ሚያዝያ ላይ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሞከረችውና ወጣላት። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ መንግስቴ ነበር ውሃውን ያነጠረላት። መንግስቴ ዝምተኛ፣ ቢከሩን፣ ማለትም የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ፣ ሦስቴ ሳያጥብ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር የጠጅ መልክ ሲይዝ እሱ እንኳ “እሰይ!” አለ። ከመንግስቴ አፍ እሰይ መውጣቱ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

መለኪያው ማሽን ያለው አዲስ አበባ ነው። ዓባይ ድልድይን ተሻግራ፣ ጠርሙሷን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ማሽኑ ብናኞቹን አያያቸውም። ብናኞቹ ውሃ ውስጥ መቼም አያርፉም፤ ሲራወጡ ነው የሚውሉት። ማሽኑ ብርሃን ይልክባቸውና ብርሃኑ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ተመልክቶ መጠናቸውን ይናገራል። ትልቁ ዝግ ይላል፣ ትንሹ ይቅበጠበጣል። ይህን ሲያስረዷት ይርጋነሽ፣ “በዚህስ ከሆነ እኔም ናኖ ነኝ!” ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችው። ውጤቱ አሥራ ስምንት ናኖሜትር ሆነ፤ ካሰበችው በላይ ደቃቅ። ደስታው እግሯን መሬት አላስነካትም።

አማካሪዋ ዶክተር ሐብታሙ ግን ወረቀቱን አይተው አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ “ግሩም ነው። አሁን ድገሚው” አሏት።

“መድገም?”

“አንዴ የወጣ ነገር ዕድል ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ለየብቻ ሠርተሽ፣ ሦስቱም ከዚህ ከተቀራረቡ ውጤት አለሽ። ካልተቀራረቡ የለሽም።”

ጊዜ ደግሞ አልነበራትም። መመረቂያዋ ከዚህ በፊት አንዴ ተራዝሞላታል፤ ያም በጳጉሜን ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማራዘሚያ የለም። የማሽኑ ወረፋ የተሰጣት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ሦስቱን ጠርሙስ ይዛ ካልቀረበች ስሟ ከተማሪነት ይሰረዛል፤ ያ ሁሉ የክረምት ምልልስ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የብር ጨው እንደሆነ በመከራ የተገኘ ነው፤ ሌላ የምታገኝበት ቦታ አልነበራትም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሞጣ ሄደች። ጌሾው ያለው እዚያ ነው፤ እናቷም ብቻቸውን ናቸው። ቢከሮቿን በልብስ ጠቀለለች፣ ከሚያዝያው ሥራ የተረፈችውን አንዲት ጠርሙስ በፎይል ሸፈነች። መንግስቴ ያነጠረላትን ውሃ በነጭ ጀሪካን ሞልታ እንደ ሕፃን አቀፈችው። የመኪናው ረዳት “አናት ላይ ይጫን” ቢላት በቁጣ ልትበላው ደረሰች።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ልጃቸውን ሲያዩ ደነገጡ። ፊቷ አልቋል። ለምሳ ትቀርባለች፣ አንዴ ጎርሳ ትነሣለች። መኝታዋ ላይ ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ ያድራል። ደግሞ ያንን ጀሪካን ከዓይኗ አታርቀውም፤ “እማዬ፣ ይኼን ውሃ ማንም እንዳይነካብኝ” ትላለች በወጣች በገባች ቁጥር።

“ልጄ፣ አንቺ ደህና አይደለሽም” አሏት አንድ ቀን። “ፍልሰታም እየገባ ነው። ጠበል እንሂድና ሰባቱን ቀን ተጠመቂ።”

“ሰባት ቀን! እማዬ፣ እኔ ሰባት ደቂቃ የለኝም።”

“እንግዲያው እቤት ላምጣልሽና ጠጪ።”

“እሱንም ጊዜ የለኝም።”

“ለመጠጣት ጊዜ?” አሉ እናትየው በመገረም። ልጅቱ ግን ጌሾ ልትቀጥፍ ጓሮ ደርሳለች።

ሥራው ተጀመረ። ጓዳዋ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋች፣ ጌሾውን አደረቀች፣ ወቀጠች፣ አፈላች፣ ጠለለች። የብር ጨዉን በጀሪካኑ ውሃ አሟሟች፤ ሟሟ አልሟሟ ብላ ግን አላየችም፣ ወደ ምድጃው ሮጣለች። ከዚያ ጭማቂውን ጠብ አድርጋ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች። ወይ ጉድ! ቢጫ ይሆናል ያለችው ነገር እርጎ የተበጠበጠበት ውሃ መሰለ። ቆይቶ አመድማ ሆነና እንደ ጭቃ ወደ ታች ወረደ።

እጄ ነው አለችና ደገመችው። ያው ሆነ። ጌሾው በዝናብ የበቀለ ስለሆነ ነው አለችና ከጎረቤት የቆየ ጌሾ ለምና ሞከረች፤ ያው። ቢከሮቹን በሆምጣጤ አጠበች፤ ያው። ምድጃው ጭስ አለው ብላ በኤሌክትሪክ አሞቀች፤ መብራት ጠፍቶ መሃል ላይ ጥሏት ሄደ፤ ሲመጣም ያው። የሠራችውን ሁሉ ጓሮ ወስዳ ትደፋለች፣ ተመልሳ ሌላ ትጀምራለች። ከጓዳ ጓሮ፣ ከጓሮ ጓዳ! ውሻው እንኳ መጀመሪያ ይከተላት ነበር፤ በኋላ ደከመውና ተወው። ከጀሪካኑ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀዳ ውሃው እንደሚገባው አለመጉደሉን ልብ ያለው ሰው የለም።

ለዶክተር ሐብታሙ ደወለች።

“ከሚያዝያው ምን የተለየ ነገር አለ?” አሏት።

“ምንም የለም ዶክተር።”

“ምንም አይባልም። አንድ ነገር ተለውጧል፤ ፈልጊው። ውሃውስ?”

“ውሃው ያው ነው፤ መንግስቴ ያነጠረው ነው። ጀሪካኑን ከዓይኔ አርቄው አላውቅም።”

ይህን ያለችው ያለ አንዳች ጥርጥር ነው። አይ መምህርት! ከዓይኗ ያላራቀችው ገበያ እስክትወጣ፣ መብራት ኃይል ሄዳ እስክትጨቃጨቅ፣ መንገድ ለመንገድ ስትንቆራጠጥ እስክትውል ድረስ ነው።

የብር ጨዉ እያለቀ ሄደ። ፍልሰታም ተፈታ፣ ነሐሴ አጋመሰ። የማሽኑ ቀን ተቃረበ። ስልኳ በጠራ ቁጥር ዶክተር ሐብታሙ እየመሰሏት ትደነግጣለች፤ ሲሆኑም አታነሣም። ያን ጊዜ ነው በፎይል የተጠቀለለችው ጠርሙስ ትዝ ያለቻት።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ይርጋነሽ ጠርሙሷን አውጥታ ወደ መስኮቱ አቀናቻት። ያ የጠጅ መልክ ምንም አልሆነም፤ ጥርት እንዳለ ነው። ትንሽ ናት እንጂ! ለሦስት አትበቃም። ግን ውሃ ቢጨመርባትስ? ለመለኪያ እንደሁ ብናኙ በውሃ ይቀጥናል፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። አንዷን ጠርሙስ ለሦስት ከፍላ፣ ሦስት ጊዜ ለየብቻ ሠራሁ ብላ ልትፈርም ነው።

“ያው በእኔው እጅ የተሠራ አይደል እንዴ?” አለች ጮክ ብላ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር። “ያው ጌሾ፣ ያው ብር።”

ሰው ራሱን ሲያታልል ድምፁ ከፍ ይላል። ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች አስቀመጠች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈችባቸው። የድሮዋን ጠርሙስ ለሦስቱ አካፈለች። ከዚያ ከጀሪካኑ ቀድታ በመጀመሪያው ላይ ጨመረች፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። ቀና ብላ ስታይ አንደኛው ደፈረሰ። ሁለተኛውም ተከተለው። ዓይኗ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ያ ያማረ መልክ እያየችው እየገረጣ፣ እየነጣ፣ አመድ ሆነ።

ይርጋነሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። የነበራት አንድ መልካም ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጇ ገደለችው።

“ውሃው ነው” አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች፤ “ውሃው ነው!”

ከጀሪካኑ ትንሽ በብርጭቆ ቀዳችና የብር ጨው አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ውሃው ወዲያው ወተት መሰለ። ይህማ እሷ ራሷ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የምታሳየው ነው! የሟሟ ብር ጨዋማ ውሃ ሲያገኝ ነጭ ይሆናል፤ ንጥር ውሃ ከሆነ ግን ምንም አይልም። ስንት ተማሪ አስተምራ፣ ስንቱን በፈተና ጥላ፣ ራሷ አንዴ እንኳ ልሞክረው አላለችም። መሮጡ መች ፋታ ሰጣት!

ንዴቷ መውጫ ፈለገና መንግስቴን አገኘ። ደወለችለት።

“አንተ! ይኼን ውሃ ከየት ነው የቀዳኸው? ከቦኖ ነው? ንጥር ውሃ ብለህ የቧንቧ ውሃ አሸከምከኝ?”

“ኧረ መምህርት፣ ምን ሆነሻል? በእጄ ነው እኮ ያነጠርኩት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ…”

“ቆመህ ተኝተህ ነበር! ሕይወቴን አበላሸህብኝ! ሰው ነው ብዬ አምኜህ! ባታውቅ አላውቅም አትልም ነበር?”

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸው ከዝናቡ የተነሣ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። ልጃቸው በስልክ የምትለውን ሁሉ ሰሙ። ስድቡ እየበረታ ሲሄድ ገቡና ስልኩን ከእጇ ያዙ።

“ሰውየውን ተዪው” አሉ። “ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ።”

“አንቺ ምን?”

“ጠበል ጨምሬበታለሁ። አልጠጣም ካልሽኝ ቀን ጀምሮ። መጀመሪያ ከላዩ ደፋ አድርጌ፣ ኋላም በጎደለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ፣ በሃይላንድ እያመጣሁ።”

ይርጋነሽ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ አወረደችባቸው። “እማዬ፣ ገደልሽኝ! ከሥራም ከትምህርትም አወጣሽኝ! ማንም እንዳይነካው አላልኩሽም? እንዴት ሥራዬ ውስጥ ጠበል ትጨምሪያለሽ?”

“ሥራሽ ውስጥ አልጨመርኩም” አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። “እኔ መች ስለ ሥራሽ አወቅሁ? ጠጪ ስልሽ እምቢ አልሽ። ያንን ውሃ ደግሞ ታቅፈሽው ትዞሪያለሽ፣ ሰው አይንካው ትያለሽ። የምትጠጪው መሰለኝ። ሳታውቂው ትጠጪልኛለሽ አልኩ።”

“ለምን? ምን እንድሆንልሽ?”

“እንድትቀመጪ።” ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። “አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠሽ አብረሽኝ እንድትበዪ ነው እንጂ ሌላ ምን ፈልጌ።”

እናትየው ድንገት ነጠላቸውን ገልጠው፣ “ቆይ፣ ያን ሁሉ ውሃ የት ነበር የምትደፊው?” አሉ።

“ጓሮ ነዋ።”

“ጠበሉን? ጓሮ?” አማተቡ። “አንቺ ልጅ ጉድ አደረግሽኝ!”

ይርጋነሽ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን አለቀሰች። እናቷም አለቀሱ። ያቺን የፎይል ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ባዶዋን ሲያዩ፣ “እሷንም እኔው አበላሸኋት?” ብለው ጠየቁ። ይርጋነሽ እውነቱን መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ እናትየው ዝምታውን አዎን ነው ብለው ያዙት።

ለመንግስቴ መልሳ ደወለች። “አፌን ይቁረጠው፣ ይቅር በለኝ” አለችው። መንግስቴ ቅሬታው ከድምፁ አልወጣም ነበር። “እኔን መስደብሽስ ግድ የለም፤ ውሃዬን ነው የሰደብሽው” አላት። ቢሆንም ዛሬውኑ ቤተ ሙከራውን አስከፍቶ እንደሚያነጥርላት ቃል ሰጣት። የቀረው የብር ጨው ለሦስት ሥራ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ለስሕተት የሚተርፍ ጠብታ የለም። የማሽኑ ቀንም ደርሷል።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ቢቸና ለመሄድ ስትነሣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ጠበቋት።

“እኔም እመጣለሁ።”

“እማዬ፣ እባክሽ!”

“ምንም አልነካም። እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ያንን ሰውዬ ግን በዓይኔ አይቼ ይቅርታ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

ለመንግስቴ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ የጌሾውን ጆንያ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ደብረ ወርቅን አልፈው ቢቸና ገቡ። መንግስቴ ውሃውን አዘጋጅቶ ነበር። ይርጋነሽ ገና ሳትቀመጥ አንዲት የብር ጠብታ ጣለችበት። ውሃው ምንም አላለም፤ እንዳለ ጥርት ብሎ ቀረ። መንግስቴ ዳቦውን እየቆረሰ፣ “አየሽው?” አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሦስቱንም ለየብቻ ሠራቻቸው። ሦስት ጊዜ ወቀጠች፣ ሦስት ጊዜ አፈላች፣ ሦስት ጊዜ ጠለለች። ከዚያ ሦስቱን ጠርሙስ በሞቀ ውሃ ውስጥ አቆመች። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ኧረ ልብ ሊያወልቅ ነው! ወይዘሮ ፀሐይነሽ እጃቸውን እንዳሉት ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል።

“አሁን ምን እየሆኑ ነው?” አሉ።

“እየተወለዱ ነው።”

“አይታዩም?”

“አይታዩም።”

“ከተወለዱ በኋላስ አርፈው ይቀመጣሉ?”

“አይቀመጡም እማዬ። ሁልጊዜ ሲራወጡ ነው የሚኖሩት። ከተቀመጡ ይጣበቁና ወደ ታች ይወርዳሉ። አለቀላቸው ማለት ነው።”

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “እንዳንቺው ናቸዋ” አሉ። “እኔ ሞኟ ደግሞ ተቀመጪ ተቀመጪ እያልኩ!” ቀጥለውም ከሞጣ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ሲሉት የመጡትን ደገሙት፤ “ያቺን ጠርሙስ ስላበላሸሁብሽ ይቅር በይኝ። ጭንቅላቴ አልቋል፣ እርጅና ነው።”

ይርጋነሽ እውነቱን ልናገር አለች፤ ግን መንግስቴ ፊት ሆነባትና ዋጠችው። አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሦስቱም ጠርሙሶቹ ላይ አፈጠጡ። መጀመሪያ የታያቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ናቸው፤ “ቢጫ! ቢጫ ሆነ!” ብለው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቃላቸው ትዝ አላቸውና መልሰው ከተቱት። ቆይቶ ሦስቱም ጠርሙሶች የጠጅ መልክ ያዙ።

እናቷን ወደ ሞጣ ሸኝታ ጠርሙሶቹን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። የማሽኑ ባለሙያ አንድ በአንድ ለካላት። የመጀመሪያው አሥራ ዘጠኝ ናኖሜትር፣ ሁለተኛው ሃያ አንድ፣ ሦስተኛው አሥራ ሰባት። ተቀራርበዋል፤ አንድ ዓይነት ግን አይደሉም፤ ለየብቻ የተሠራ ነገር እንዲህ ነው። ዶክተር ሐብታሙ በስልክ ቁጥሮቹን ሰምተው፣ “እንግዲህ ውጤት አለሽ። ጽፈሽ አምጪ፤ እንዳያልፍብሽ” አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ለእናቷ ደወለች።

“እማዬ፣ ወጣልኝ! ሦስቱም!”

“ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!” እልልታው ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። “ያቺን ጠርሙስ ባላበላሽብሽ ኖሮ እኮ አራት ይሆኑልሽ ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ። ሌሊት ሌሊት እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።”

ይርጋነሽ ቆመች። ደስታዋ ከላይዋ ላይ ተገፈፈ። እኒህ ሴትዮ እሷ ባጠፋችው ሲያለቅሱ ሊኖሩ ነው።

“እማዬ፣ ስሚኝ። ያቺን ጠርሙስ አንቺ አይደለሽም ያበላሸሻት። እኔ ነኝ።”

“ተይ አታባብዪኝ።”

“ማባበል አይደለም። ሥራው እምቢ ሲለኝ እሷን ለሦስት ከፍዬ፣ ሦስት ጊዜ ሠራሁ ብዬ ልዋሽ ነበር። ለዚያ ነው ውሃውን የጨመርኩባት። ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር ሁሉ ጽፌ ነበር። ውሃው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይዤ መጥቼ፣ ፈርሜ፣ ተመርቄበት ነበር። ሌባ ሆኜ ነበር እማዬ።”

ስልኩ የተቋረጠ መሰላት።

“እማዬ? አለሽ?”

“አለሁ” አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። “ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ልትፈርሚ ስትይ ነው የደፈረሰብሽ?”

“አዎን።”

“እሰይ! እንኳን ጠበሉን ጨመርኩበት!” አሉ። “ይቅር በይኝ ያልኩሽን ሁሉ ተመልሼ ወስጃለሁ።”